የቮልስን ላሜራ በፋይበር መተካት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፦ የድሮውን ቮልስዋገን ቢትል፣ ማለትም ሁላችንም ቮልስ የምንለውን፣ የዛገ ላሜራ አውጥቶ በፋይበር ግላስ ወይም በካርቦን ፋይበር መተካት።

ጥያቄ፦ የ1967 ሞዴል ቮልስ አለኝ፤ ሞተሩ 1300 ነው። አራቱንም ፓራፋንጎ ዝገት በልቷቸዋል። ባትላሜራ ከማስመታ በፋይበር ልቀይራቸው አስቤያለሁ። ከጀመርኩ አይቀር ኮፈኑን፣ በሮቹንና ጣሪያውንም ፋይበር ባደርጋቸው መኪናው ቀሎ ዳገት ላይ አይሻሻልም ወይ? ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ይጨንቀዋል።
*መ.ተ.፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ፓራፋንጎዎቹን ይቀይሩ። በሮቹንና ጣሪያውን ግን እንዳይነኩ።

ቮልስ ለዚህ ሥራ የሚመቸው አራቱ ፓራፋንጎ፣ የፊት ኮፈኑ፣ የሞተር ክዳኑና የጎን መረገጫዎቹ በብሎን የታሰሩ እንጂ የተበየዱ ስላልሆኑ ነው። የመኪናውን ጭነት አይሸከሙም፤ ቢፈቱም መኪናው ይሄዳል። በሩ ግን ማጠፊያውንና መቆለፊያውን ይዟል፤ ከጎን የሚመጣን ግጭት የሚቀበለውም እሱ ነው። ጣሪያው ከምሰሶዎቹ ጋር ተበይዶ ቀፎውን በሙሉ አጥብቆ የሚይዝ ክፍል ነው። እሱን ቆርጦ በቦታው ፋይበር መለጠፍ መኪናው የተገለበጠ ዕለት ዋጋ ያስከፍላል።

ወደ ክብደቱ እንምጣ። ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ በካሬ ሜትር 6.3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በእጅ የተሠራ ፋይበር ግላስ የዚያን ላሜራ ያህል እንዳይተጣጠፍ ከተፈለገ 2.5 ሚሊ ሜትር ግድም መወፈር አለበት፤ ከላይ ካለው የጄልኮት ሽፋን (ገጹን ለስላሳ የሚያደርገው የላይኛው የሬዚን ሽፋን) ጋር በካሬ ሜትር ከ4.2 እስከ 4.5 ኪሎ ይመጣል። አራቱን ፓራፋንጎና ሁለቱን ክዳኖች በድምሩ 4.5 ካሬ ሜትር ብንላቸው የሚቀንሱት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ነው። ስኮርታው ከነቸርኬው ከዚህ ይበልጣል። ሰው ሲጫንበት ከ900 ኪሎ በላይ በሚሆን መኪና ላይ ይህ አንድ በመቶ ገደማ ስለሆነ ዳገት ላይ ልዩነቱ አይታወቅዎትም። እንጦጦን ያከበደብዎት የአየሩ መሳሳት ነው። ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ የ1300ው 40 የፈረስ ጉልበት አዲስ አበባ ላይ 31 ግድም ይሆናል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ደግሞ እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ዳገቱ ከሆነ ጭንቀትዎ መጀመሪያ ካርቡራተሩን ለከፍታው ያስተካክሉ፤ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰው ካገኟቸው ቤንዚን ለመብዛቱ ምልክት ነው።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ የኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ፊቱ ከመጀመሪያውም ቀላል ነው፤ ሜዳ ላይ የጎን ንፋስ ሲመታው መሪው የሚንቀዠቀዠውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ኮፈኑንና የፊት ፓራፋንጎዎቹን ብቻ ፋይበር አድርጎ ኋላውን በብረት መተው ይህን ጠባይ ያብሰዋል። ማቅለሉ ግድ ከሆነ ከኋላ ይጀምሩ።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? አለመዛጉ ነው፤ ለእኛ አገር ክረምትና ጭቃ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ሆኖም ፓራፋንጎው ሲፈታ ብሎኖቹ የሚገቡበትን የቀፎ ጠርዝ በካቻቢቴ ጫፍ ይውጉት። ከሰመጠ መጀመሪያ ብየዳ ያስፈልገዋል። ከበሮቹ ሥር በመኪናው ርዝመት የሚሄደውን የጎን ቦይም እንዲሁ ይፈትሹ። ቦዩ ከዛገ ለፋይበር የመደቡትን ገንዘብ ወደዚያ ያዙሩት።

ሲገዙ ሞዴሉን ያመሳክሩ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1967 ጀምሮ የፊት መብራቶቹ ቀጥ ብለው ስለቆሙ ፓራፋንጎው ተለውጧል፤ ኮፈኑም አጥሯል። 1302 እና 1303 የተባሉት የኋለኞቹ ሞዴሎች ኮፈን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። የእርስዎ ከዚያ በፊት የነበረው፣ መብራቱ ወደ ኋላ ጋደም ያለው ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ የፊት ኮፈኑን ራሴ መሥራት እፈልጋለሁ። ፋይበሩ ስንት ንብብር ይሁን? ስንት ኪሎ ሬዚን ልግዛ? ባለፈው ለሙከራ የሠራሁት ትንሽ ቁራጭ አንዱ ጎኑ ሳይደርቅ እየተጣበቀ ቀረ፤ ባልዲው ውስጥ የተረፈው ደግሞ ጨሰ።
*ሰ.ገ.፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ሁለቱም ችግሮች የሚመጡት ከማጠንከሪያው ነው። የፖሊስተር ሬዚን (ፋይበሩን የሚያርሰውና ደርቆ የሚጠነክረው ፈሳሽ) ማጠንከሪያ፣ ኤም ኢ ኬ ፒ የሚባለው ውሃ መሳይ ፈሳሽ፣ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው የሚገባው። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ሬዚኑ መቼም ሙሉ በሙሉ አይጠነክርም፤ የተጣበቀብዎት ጎን ወይ ያነሰበት ወይ በደንብ ያልተማሰለ ነው። አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ለአንድ ኪሎ ሬዚን 15 ግራም ይበቃል፤ በመርፌ ሲለካ 13 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አዳማ ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ወደ 10 ግራም ያውርዱት፤ አለዚያ ሳይጨርሱ ይረጋብዎታል። ከ15 ዲግሪ በታች ደግሞ አይሥሩ። በዓይን ገምቶ በቆርኪ መጨመር የብዙ ጋራዦች ልማድ ነው፤ የብዙ ብልሽት መነሻም እሱ ነው። ባልዲው የጨሰው ሬዚን ሲጠነክር ሙቀት ስለሚያወጣና ክምር ሆኖ ሲቀመጥ ያ ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ ነው። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በላይ አይበጥብጡ፤ የተረፈውንም ሰፊ ሳህን ላይ ያፍስሱት።

ሬዚኑ ወደ ሮዝ ወይም ሐምራዊ የሚያደላ ከሆነ ኮባልት የሚባለው አፍጣኝ ተጨምሮበታል ማለት ነው። ኮባልቱን ለብቻ ከሸጡልዎት መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በሚገባ ያዋህዱት፤ ማጠንከሪያው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ኮባልትና ማጠንከሪያ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ መነጽር ያድርጉ፤ ድንገት ከነካዎት ወዲያው በብዙ ውሃ እየታጠቡ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

አዲሱ ኮፈን የሚሠራበትን ቅርጽ (ሞልድ) ከራሱ ከብረቱ ኮፈን ያውጡ። ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልተው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰውና ቀለም ቀብተው ያዘጋጁት፤ የብረቱ ጉድለት ሁሉ ወደ ቅርጹ፣ ከቅርጹም ወደ አዲሱ ኮፈን ይገለበጣል። ከዚያ የቅርጽ ሰም ቢያንስ ስድስት ጊዜ ይቀቡት፤ በእያንዳንዱ ዙር አንጸባርቆ እስኪወጣ ይወልውሉና አንድ ሰዓት ያሳርፉት። በመጨረሻ ፒ ቪ ኤ የሚባለውን አላቃቂ ፈሳሽ በስሱ ይርጩበት። ሰሙ ያልደረሰበት ቦታ ካለ ቅርጹና ኮፈኑ አንድ ሆነው ይቀራሉ፤ ያኔ ከመስበር ሌላ ምርጫ የለም። ቅርጹ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይወፍር፤ በቀን ከሁለት ንብብር በላይ አይጨምሩ፤ ከብረቱ ሳይላቀቅ ጀርባው ላይ የእንጨት ወይም የቱቦ ብረት ማጠናከሪያ ይለጥፉበት። ቀድሞ የተላቀቀ ቅርጽ ይጣመማል፤ ከተጣመመ ቅርጽ የሚወጣው ኮፈን ፓራፋንጎው ላይ አይገጥምም።

ለአዲሱ ኮፈን ለአንድ ካሬ ሜትር የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ጄልኮት 600 ግራም፣ ከዚያ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ብትን ፋይበር (አጫጭር ክሮች ተበትነው የተጣበቁበት ምንጣፍ መሳይ ፋይበር) አንድ ንብብር፣ ከላዩ ባለ 450 ግራም ሁለት ንብብር። ሲደርቅ 2.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ፋይበሩ በድምሩ 1.2 ኪሎ ነው፤ ሬዚኑ የፋይበሩን ክብደት ከሁለት እጥፍ ትንሽ አለፍ ይላል፣ 2.6 ኪሎ ገደማ። የሚባክነውን ጨምረው 1.4 ኪሎ ፋይበርና 3 ኪሎ ሬዚን ይግዙ። ሬዚን ሲበዛ ይጠነክራል ብለው የሚያፈሱ አሉ። የሚያገኙት ከባድና ተሰባሪ ኮፈን ነው፤ ጥንካሬው የሚመጣው ከፋይበሩ ነው።

ጄልኮቱን በጣም አያሳሱት። ከ0.4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከላዩ የሚመጣው ሬዚን ያበላሸውና እንደ አዞ ቆዳ ይሸበሸባል። በጣት ሲነኩት ተጣብቆ ግን ጣት ላይ ሳይቀር ሲገኝ የመጀመሪያውን ፋይበር ያስቀምጡ። ብሩሹን አይጎትቱት፤ ብትን ፋይበር ሲጎተት ይሰበሰባል፣ ስለዚህ በጫፉ እየነኩ ያርጥቡት። ከዚያ ጥርስ ባለው የብረት ሮለር አየሩን ጨምቀው ያውጡ። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ሁሉ አየር ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል። የመጀመሪያው ንብብር ላይ ጊዜዎን ያጥፉ፤ ሌሎቹ ይቀላሉ።

የኮፈኑ መሃል ሰፊ ስለሆነ ሳይጠናከር ቢቀር በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይርገበገባል። በስተጀርባው ከማጠፊያው ወደ መቆለፊያው የሚሄዱ ሁለት የአጥንት መስመሮች ይሥሩለት፤ የፖሊዩሬቴን ፎም ቆርጠው አስቀምጠው ሁለት ንብብር ያልብሱት። ነጩን የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም አይጠቀሙ፤ ፖሊስተር ሬዚን እንደ ስኳር ያሟሟዋል። ማጠፊያዎቹና መቆለፊያው የሚታሰሩበት ቦታ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የብረት ሳህን በንብብሮቹ መሃል ይቅበሩ። ሳህኑ ብዙ ቀዳዳ ይኑረው፣ ሬዚኑ በቀዳዳዎቹ አልፎ እንዲይዘው።

ሲገጥሙት የድሮውን የኮፈን ሞላ እንዳለ አይመልሱት። ሞላው የተሠራው ለብረቱ ክብደት ስለሆነ ቀላሉን ኮፈን ሽቅብ እየገፋ ማጠፊያው አጠገብ ያጎብጠዋል፤ ሲቆይም ይሰነጥቀዋል። ሞላውን አውጥተው በዘንግ ይደግፉት። የቮልስ ኮፈን ከፊት በኩል የሚከፈት ስለሆነ መቆለፊያው ቢለቅ ንፋሱ አንሥቶ መስታወቱ ላይ ያላትመዋል፤ ከመቆለፊያው በተጨማሪ ሁለት የውጭ ማሰሪያ ፒን ይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ የፋይበር ፓራፋንጎ ካስገጠምኩ ወዲህ ፍሬን ስይዝ የኋላ ፍሬቻው ደብዝዞ ይበራል። ፊት ደግሞ አንዱ ፍሬቻ ጭራሽ የለም። አምፖሎቹ አዲስ ናቸው።
*ወ/ሮ ሂ.አ.፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ማሳ፣ ማለትም ወደ ኔጋቲቭ የሚመልሰው መስመር፣ ጠፍቶ ነው። የኋላ መብራቱና የፊት ፍሬቻው ኔጋቲቭ የሚያገኙት ከፓራፋንጎው ብረት ነበር፤ ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል ክር በኩል ይዞራል፤ ደብዝዞ የሚበራውም ለዚህ ነው። ከእያንዳንዱ መብራት ቤት ብረት እስከ ቀፎው ድረስ ለብቻው ሽቦ ይዘርጉ። 12 ቮልት ከሆነ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ አሮጌው 6 ቮልት ከሆነ 2.5 ይሁን፤ ቮልቱ በግማሽ ሲቀንስ ያው ዋት ላለው አምፖል የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ይሆናልና። ቡናማ ሽቦ ይምረጡ፤ ቮልስዋገን ማሳን የሚያውቀው በቡናማ ነው፣ ኋላ የሚነካው ኤሌክትሪሻን አይሳሳትም። ቀፎው ላይ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፍቀው ብረቱን ያውጡ፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ ያድርጉበት፣ ካጠበቁት በኋላ ግሪስ ይቀቡት። አራቱንም በአንድ ቀን ይጨርሱ፤ ዛሬ የሚሠራው የፊት መብራትም ዝናብ ሲመጣ ተራው ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ተገዝቶ የመጣ የፋይበር ፓራፋንጎ ሦስት ወር ሳይሞላው ብሎኖቹ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ። የምኖርበት ሰፈር መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ፋይበሩ ጥራት የለውም ማለት ነው?
*ዳ.ከ.፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ማጥበቂያው ላይ ነው። የፋብሪካው ብሎን ኤም 8 ነው፣ በ13 ቁልፍ የሚፈታው፤ ባትላሜራው በብረት ልማድ ሲያጠብቀው ትንሿ ሮንዴላ ፋይበሩን ትጨፈልቀዋለች። ዲያሜትሩ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ ሮንዴላ ያድርጉ፤ ከሥሩም ስስ ጎሚኒ። ቀዳዳውን ከ8 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያስፉት፤ በትራፓኖ ሲበሱ ከጄልኮቱ በኩል ይጀምሩ፣ ከጀርባ ከተበሳ ጄልኮቱ ይፈነቀላል። ብሎኑን በእጅ ካደረሱ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ወይም ትንሽ አለፍ ቢያደርጉት ይበቃል። ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና ይዩት።

ሁለተኛው ምክንያት በግድ መግጠም ነው። ፋይበር እንደ ላሜራ በመዶሻ አይለምንም። ቀፎው ላይ የተበየደው ዳዶ ከቀዳዳው ጋር አልገናኝ ሲል ብሎኑን እየሳቡ ማስገባት ፓራፋንጎውን እንደ ተወጠረ ቀስት ያስቀምጠዋል፤ ኮብልስቶኑ የቀረውን ይጨርሳል። ሁሉንም ብሎኖች ላላ አድርገው ያስገቡ፣ በፓራፋንጎውና በቀፎው መሃል የሚገባውን የጎሚኒ ጥብጣብ ያስተካክሉ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ጫፎቹ ያጥብቁ። ያልገጠመውን ቀዳዳ በክብ ሞረድ ያስረዝሙት። መረገጫው ከፓራፋንጎው ጋር የሚገናኝበት ጎሚኒ እንዳይቀር፤ ሰው መረገጫው ላይ በቆመ ቁጥር ጫናው የሚያርፈው እዚያ ነው።

የተሰነጠቀውን ለማዳን ስቱኮ ብቻ መቀባት ትርፉ ድካም ነው። ከጀርባ በኩል በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቀው ከስንጥቁ ዙሪያ 5 ሴንቲ ሜትር አልፎ ሁለት ንብብር ባለ 300 ግራም ይለጥፉ፤ ፊቱ ከዚያ ይጠገናል። ጀርባውን ሲያዩ የፋይበሩ ንብብር አንድ ብቻ ሆኖ ብርሃን ወለል ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ግን የተሸጠልዎት ጌጥ ነው።

ጥያቄ፦ ቮልሴን በካርቦን ፋይበርና በኢፖክሲ ማቅለል እፈልጋለሁ። ብትን ፋይበር ተርፎኛል፤ ከኢፖክሲው ጋር ልጠቀምበት? የታሪካዊ መኪና ሰሌዳዬስ ችግር ይገጥመው ይሆን?
*ኤ.ን.፣ ከፍራንክፈርት*

መልስ፦ የተረፈዎትን ብትን ፋይበር ይተዉት። ብዙውን ጊዜ ክሮቹን አንድ ላይ የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው ፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በተባለ ፈሳሽ ነው፤ ኢፖክሲ የተባለው ሌላው የሬዚን ዓይነት ግን ስታይሪን ስለሌለው ፋይበሩ ግትር ሆኖ ቅርጹን አልከተል ይላል። ለኢፖክሲ የተሸመነ ጨርቅ ይጠቀሙ። የኢፖክሲ ማጠንከሪያም እንደ ፖሊስተሩ የሚጨመርና የሚቀነስ አይደለም፤ አምራቹ 100 ለ30 ካለ 100 ለ30 ነው፣ ሲበዛ እንደ ማነሱ ሁሉ ልፍስፍስ አድርጎ ያስቀረዋል።

የካርቦን ጥቅሙ በቁጥር ይታያል፦ የ0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራን ግትርነት ለማግኘት የተሸመነ ካርቦን 1.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ በካሬ ሜትር 2 ኪሎ አይሞላም። ነገር ግን ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ርጥበት ባለበት ብረትና አልሙኒየም ሲነካ ያዝጋቸዋል። ብሎን በሚገባበት ሁሉ በመሃል አንድ ንብብር ፋይበር ግላስ ያስገቡ፣ ብሎኖቹም የማይዝግ ብረት ይሁኑ። ቀለም ለሚቀባ የመንገድ ቮልስ ግን ካርቦን ገንዘብ ማባከን ይመስለናል።

ሰሌዳውን በተመለከተ፣ ጀርመን ውስጥ የኤች ሰሌዳ የሚሰጠው ቢያንስ 30 ዓመት ለሞላውና በዘመኑ መልክ ለተጠበቀ መኪና ነው። ለውጡ በመኪናው ዘመን የተለመደ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ ብሩስ ሜየርስ የሠራው ሜየርስ ማንክስ የተባለው የአሸዋ ላይ መኪና የፋይበር ግላስ ቀፎ በቮልስ ሻንሲ ላይ የተጫነ ስለነበር ፋይበር ግላስ ለዘመኑ እንግዳ አልነበረም፤ የሚታይ ካርቦን ግን ያንን አይመስልም። ከመግጠምዎ በፊት የቴክኒክ መርማሪውን ያነጋግሩ፤ ክፍሉ ከተገዛም የአምራቹን የጥራት ሰነድ ይጠይቁ፤ ያለ ሰነድ በቤት የተሠራ ክፍል ማሳለፍ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ የሞተር ክዳኑን በፋይበር ቀይሬ ጥቁር ቀለም አስቀባሁት። በሁለት ወር ውስጥ ቀለሙ እንደ ፈላ ወተት አረፋ አወጣ፤ ክዳኑም መሃሉ ሰርጓል።
*ያ.ሙ.፣ ከድሬዳዋ*

መልስ፦ አረፋውና መስረጉ የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። አረፋው የሚመጣው ፋይበሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሲቀባ፣ ወይም የቅርጹ ሰም ሳይጸዳ ሲቀር ነው። አዲስ ክፍል ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ይቆይ፣ ሳይጣመም ተደግፎ። ከዚያ መጀመሪያ በሰም ማጽጃ ይታጠብ፣ ቀጥሎ በ320 ቁጥር ይፈቅፈቅ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወረቀቱ ሰሙን ወደ ውስጥ ያሻዋል። የመጀመሪያው ሽፋን ኢፖክሲ ፕራይመር ይሁን።

የሰረገው ከሙቀት ነው። ተራ ፖሊስተር ሬዚን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ ከሥሩ ሞተር፣ ከላዩ የድሬዳዋ ፀሐይ፣ ቀለሙ ደግሞ ጥቁር። ለሞተር ክዳን ሙቀት የሚችል ሬዚን፣ ቪኒል ኢስተር ወይም አይሶፍታሊክ ፖሊስተር የሚባለው፣ ያስፈልጋል፤ ቀለሙም ነጭ ወይም ክሬም ቢሆን ይመረጣል። ማርሚታው አጠገብ ያለውን የታችኛውን የኋላ ላሜራ ግን በየትኛውም ሬዚን አይቀይሩት፣ ብረት ሆኖ ይቅር።

የድሮው ክዳንዎ የአየር መግቢያ ሽንትሮች ኖረውት አዲሱ ድፍን ከሆነ ያንን ያስተካክሉ፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎሚኒ ማሸጊያም ሙሉ መሆኑን ይዩ፤ ከተቀደደ ማርሚታው ያሞቀውን አየር ማራገቢያው መልሶ ይስበዋል። ሬዲዮ ካለዎትና ከክዳኑ ለውጥ ወዲህ መንጫጫት ከጀመረ ብረቱ ያግደው የነበረው የካንዴላ ብልጭታ ነው፤ ሬዚስተር ያላቸው የካንዴላ ቆቦች ያስገቡ።

ቀለም ሲቀየር ሊብሬው ላይም ይመዝገብ፤ ቦሎ ሲታደስ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው።